ቨርቹዋል ማሽን ሲወድቅ፣ ማይግሬሽን እምቢ ሲል፦ ከየት እንጀምር?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል። «ሲስተም ቆሟል» ይላል ተረኛው። ዓይናችን በቅጡ ሳይገለጥ ላፕቶፑን እንከፍታለን፣ ቪፒኤን እንገባለን፣ የወደቀውን ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚኖር ኮምፒውተር) ፈልገን «ስታርት» የሚለውን እንጫናለን። ተነሳ። ተመስገን ብለን ተመልሰን እንተኛለን። በሦስተኛው ቀን ያው ስልክ በዚያው ሰዓት ይጮኻል።

እኔም ለብዙ ጊዜ የሠራሁት እንደዚህ ነበር። አሁን ግን ሁለት ነገሮችን አጥብቄ ይዣለሁ። አንደኛ፣ የወደቀን ማሽን ከማስነሳቴ በፊት ማን እንደጣለው አያለሁ። አምስትና አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ቶሎ ብለን ሪስታርት ካደረግነው ግን ኮንሶሉ ላይ የነበረው መልእክት አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ አንድ ማሽን በምንም ምክንያት ሁለት ቦታ ላይ እንዲበራ አልፈቅድም። የወደቀ ማሽን ይነሳል፤ ሁለት ሆስት (ማሽኖቹን ተሸክሞ የሚያስኬድ ሰርቨር) በአንድ ጊዜ የጻፈበት ዲስክ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ከዚያ ዲስክ ላይ ደግሞ የሰው ደመወዝ፣ የታካሚ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት ነው ያለው።

የምጽፈው ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረውን ፕሮክስሞክስን ይዤ ነው። ብሮድኮም በኅዳር ወር 2023 (በፈረንጆቹ) ተመሳሳይ ሶፍትዌር የሚሠራውን ቪኤምዌርን ጠቅልሎ ከገዛና የዘላለም ላይሰንስ መሸጥ ከቆመ ወዲህ ብዙ ሰው ወደዚህ ስለመጣ፣ የሚቀርበኝ ጥያቄም አብዛኛው ከዚህ ነው። ከሥሩ ሆነው ማሽኖቹን የሚያስኬዱት ኬቪኤምና ኪሙ ስለሆኑ፣ እነሱን የሚያስተዳድረውን ሊብቨርትን ብቻ ለምትጠቀሙም ነገሩ ያው ነው፤ የሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ። ትዕዛዞቹን የምጽፋቸው ስንጠራቸው በምንላቸው አጠራር ነው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። ለምሳሌ የማሽናችን ቁጥር 105 ይሁን።

1. መጀመሪያ ሰዓቱን አስማሙ

ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። እኛ ዘንድ ግን ዋና ጉዳይ ናት። ተረኛው «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው የቆመው» ካላችሁ፣ የአዲስ አበባ ሰዓት የተሞላበት ሆስት ላይ የምትፈልጉት 02:00ን ነው። ሆስቱ ሲጫን ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ተትቶ ከሆነ ደግሞ የምትፈልጉት 23:00ን ነው፣ ያውም የትናንቱን ቀን። ገስቱ (ቨርቹዋል ማሽኑ) ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ሌላ ሰዓት ላይ ከሆነስ? ሦስት ሎግ (የክስተት መዝገብ) ዘርግታችሁ በሦስት የተለያየ ሰዓት ስለ አንድ ክስተት ታነባላችሁ፤ አንዱም ከሌላው አይገጥምም።

ስለዚህ ታይምዴትሲቲኤል የሚለውን ትዕዛዝ በየሆስቱ ላይ ስጡና የሰዓት ቀጠናውን እዩ። ሰዓቱን የሚያስተካክለው ክሮኒ መሥራቱንም አረጋግጡ። ወረቀት ላይ «ሌሊት 8፡00 ማለት 02:00 ማለት ነው» ብላችሁ ጻፉት። እንቅልፍ ባጣ ጭንቅላት 6 መደመርና መቀነስ ያሳስታል።

2. በእርግጥ ሞቷል ወይ?

«ወድቋል» የሚባለው ማሽን ከሦስት አንዱ ነው። ፕሮሰሱ ጭራሽ የለም። ወይም ፕሮሰሱ አለ፣ ግን ቆሞ እየጠበቀ ነው። ወይም ደግሞ ይሠራል፣ ውስጡ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን ደርቋል። ሦስቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ኪውኤም ስታተስ 105 በሉና «ቨርቦዝ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት። ከሚዘረዝረው ውስጥ ኪውኤምፒ ስታተስ የሚለውን መስመር ፈልጉ። «ስቶፕድ» ካለ ወደ 3ኛው ሂዱ። «አይኦ ኤረር» ካለ ወደ 4ኛው። «ራኒንግ» እያለ ማንም የማይገባበት ከሆነ ኮንሶሉን ክፈቱና የሚታየውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የከርነል ፓኒክ ይሁን ሰማያዊ ስክሪን፣ ሪሴት ካደረጋችሁ በኋላ አታገኙትም። ከዚያ ወደ 5ኛው።

3. ፕሮሰሱ ከጠፋ፦ ሆስቱ ራሱ ገድሎት ይሆናል

ገስቱ ውስጥ ገብታችሁ ሎግ ብትፈትሹ ምንም አታገኙም። እየሠራ ሳለ በድንገት ጨለመበት፣ አለቀ። ማስረጃው ያለው ሆስቱ ጋ ነው። ጆርናልሲቲኤልን ከከርነል መልእክቶች ጋር ክፈቱና «አውት ኦፍ ሚሞሪ» የሚል ፈልጉ። «ኪልድ ፕሮሰስ» ብሎ ቁጥር ከሰጠ በኋላ በቅንፍ ኬቪኤም ካለ ገዳዩን አገኛችሁ። ራም አልቆ ሆስቱ ራሱን ለማዳን ትልቁን ፕሮሰስ መርጦ ገደለ። ትልቁ ፕሮሰስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያው ዳታቤዛችሁ ነው። ሊብቨርት ላይ ከሆናችሁ በየማሽኑ ስም የተቀመጠ የኪሙ ሎግ አለ፤ መጨረሻው ላይ «ሪዝን» ብሎ «ክራሽድ» ይሁን «ሻትዳውን» ይሁን ይነግራችኋል።

ለምን አለቀ? ሒሳቡን እንሥራው። ሆስቱ 64 ጊጋ ራም አለው እንበል። ለሦስት ማሽኖች 16፣ 16ና 24 ሰጥተናል፤ 56 ነው፣ 8 ይተርፋል፣ የሚበቃ ይመስላል። ግን ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሲስተም ዜድኤፍኤስ ከሆነ አርክ የሚባል የራሱ ካሽ አለው። ከፕሮክስሞክስ 8.1 በፊት በተጫኑ ሆስቶች ላይ ይህ ካሽ፣ ገደብ ካልተበጀለት፣ የራሙን ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል፤ እዚህ 32 ጊጋ ማለት ነው። ሲጠየቅ ይለቃል፣ ግን ሁልጊዜ በሚፈለገው ፍጥነት አይለቅም። ከ8.1 ጀምሮ አዲስ ሲጫን ገደቡ የራሙ 10 በመቶ፣ ቢበዛ 16 ጊጋ ነው። አሮጌውን አፕግሬድ እያደረጋችሁ የመጣችሁ ከሆነ ግን ይህ ገደብ በራሱ አይመጣላችሁም።

መፍትሔው ዜድኤፍኤስ አርክ ማክስ የሚባለውን ቅንብር በባይት መሙላት ነው። ለ8 ጊጋ 8589934592 ብላችሁ በሞድፕሮብ ማውጫ ውስጥ ባለው የዜድኤፍኤስ ፋይል ላይ ጻፉ። ሩት ዲስኩም ዜድኤፍኤስ ከሆነ ኢኒትራምኤፍኤሱን (ሊኑክስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጭነውን ፋይል) አድሱና ሆስቱን ሪቡት አድርጉ። ለማሽኖቹ የሰጣችሁትን ራምም ደግማችሁ እዩት። 24 ጊጋ የተሰጠው ማሽን በእርግጥ 24 ይጠቀማል? ወይስ ያን ጊዜ ሻጩ ስላለ ነው የተሰጠው? ለሆስቱ ለራሱም ትንፋሽ ተዉለት።

4. «አይኦ ኤረር» ካለ፦ አትንኩት፣ ቦታ ፍጠሩለት

እዚህ ላይ ሪሴት መጫን ትልቅ ስሕተት ነው። ኪሙ ማሽኑን ያቆመው ዲስክ ላይ መጻፍ ስላቃተው፣ ዳታው እንዳይበላሽ ብሎ ነው። ራሙ እንዳለ ነው፤ ያልተጻፈው ነገር እዚያ ውስጥ እየጠበቀ ነው። ሪሴት ካላችሁት እሱን ደፋችሁት።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኤልቪኤም ቲን የሚባለው የዲስክ ቦታ ክምችት (ፑል) መሙላቱ ነው። ኤልቪኤስ የሚል ትዕዛዝ ስጡና የዳታ በመቶኛና የሜታ በመቶኛ የሚሉትን ዓምዶች ተመልከቱ። ቲን ማለት የሌለን ቦታ ቃል መግባት ነው፦ 500 ጊጋ ፑል ላይ ባለ 200 ጊጋ አራት ዲስክ መፍጠር ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ባዶ ስለሆነ ማንም አያጉረመርምም። ከስምንት ወር በኋላ ፑሉ 100 በመቶ ይሞላና ማሽኖቹ አንድ በአንድ ይቆማሉ።

ቦታ የሚገኝባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የተረሳ ስናፕሾት (የማሽኑ የአንድ ቅጽበት ቅጂ) ነው። «አፕዴት ከማድረጌ በፊት» የሚል ስም የያዘ፣ የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው ስናፕሾት ሳላገኝ የቀረሁበት ቀን ትንሽ ነው። እሱን ማጥፋት ብቻውን ብዙ ጊጋ ይመልሳል። (ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም፤ እዚያው ዲስክ ላይ ነው ያለው። ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።) ሁለተኛው፣ ገስቱ ውስጥ ፋይል ቢጠፋም ፑሉ ስለማያውቅ ቦታውን አለመመለሱ ነው። ዲስኩ ላይ «ዲስካርድ» የሚለውን አብሩ፣ ማሽኑን አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አስነሱትና ገስቱ ውስጥ ኤፍኤስትሪም ስጡ። ይኼኛው ማሽኑ እየሠራ ሳለ የሚደረግ ነው፤ ለቆመው ማሽን ግን መጀመሪያ ቦታ ከሌላ አምጡለት።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ኪውኤም ሪዚዩም 105። ካቆመበት ይቀጥላል። ፑሉ 80 በመቶ ሲደርስ ኢሜይል የሚልክ ነገር ደግሞ በዚያው ቀን ሥሩ፣ ለነገ አታሳድሩት።

5. ገስቱ ውስጥ ከሆነ

እዚህ ላይ የማየው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከቪኤምዌር የመጣ ማሽን ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። ዲስኩ ደህና ነው። ዊንዶውሱ ለቨርቹዋል ሃርድዌር የተሠራው የቨርትአይኦ ድራይቨር ስለሌለው የራሱን ዲስክ ማየት አልቻለም። ማሽኑን አጥፉ፣ የቡት ዲስኩን ወደ ሳታ ቀይሩ፣ ከጎኑ አንዲት የ1 ጊጋ ባዶ ዲስክ በቨርትአይኦ ስካዚ ጨምሩ፣ የቨርትአይኦ አይኤስኦውን አስገቡና አስነሱት። አሁን ይነሳል። ድራይቨሩን ጫኑ፣ ትንሿ ዲስክ መታየቷን አረጋግጡ፣ አጥፉት፣ ዋናውን ዲስክ ወደ ስካዚ መልሱት። የቡት ቅደም ተከተሉን ካላስተካከላችሁ «ቡት የሚደረግ ዲስክ የለም» ይላችኋልና አትርሱት።

ስክሪኑ ጨልሞ ምንም ዲስክ የማያገኝ ከሆነ ደግሞ ባዮሱን እዩ፤ ቪኤምዌር ላይ በዩኢኤፍአይ ይነሳ የነበረውን እዚህ በሌላው የአነሳስ ዘዴ፣ በሲባዮስ፣ አስነስታችሁት ይሆናል። ሊኑክስ ሲሆን ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ቪኤምዌር ላይ ኢኤንኤስ192 የነበረው ካርድ እዚህ ኢኤንኤስ18 ሆኖ ስለሚመጣ የኔትወርክ ፋይሉ የሌለ ካርድ እየፈለገ ነው። መነሳት አቅቶት ድራኩት ሼል (የትዕዛዝ መጻፊያ) ላይ ከወደቀባችሁም በሬስኪው ከርነል አስነሱትና ኢኒትራምኤፍኤሱን ከቨርትአይኦ ድራይቨሮቹ ጋር እንደገና ሥሩት። የቪኤምዌር ቱልስን ደግሞ ከመምጣቱ በፊት እዚያው እያለ አንሱት። ከመጣ በኋላ ማንሳቱ ያስቸግራል።

ሌላው ዓይነት በየሌሊቱ ባክአፕ ሰዓት ላይ የሚደርቅ ማሽን ነው። ባክአፑ የሚጻፍበት ስቶሬጅ ቀርፋፋ ከሆነ የማሽኑን ጽሑፍ ራሱ ይይዘዋል። ምክንያቱም ገና ያልተቀዳ ብሎክ ላይ ገስቱ መጻፍ ሲፈልግ፣ መጀመሪያ አሮጌው ወደ ባክአፑ መሄድ አለበት። ፕሮክስሞክስ 8.2 ላይ የመጣው «ፍሊሲንግ» ለዚህ ነው፤ አሮጌውን ብሎክ ፈጣን የሆነ የአካባቢ ዲስክ ላይ ያሳርፈዋል። አብሩት።

6. ሆስቱ ራሱ ከወደቀ፦ ገመዱን ተከተሉ

ይኼኛው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ይበዛል።

አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሦስት ሰርቨር፣ በክላስተር (እንደ አንድ ቡድን) የታሰሩ፣ ኤችኤ (አንዱ ሲወድቅ ማሽኖቹን ሌላው ላይ የሚያስነሳ) የበራላቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሦስቱም ሪስታርት ያደርጋሉ። ዩፒኤስ አላቸው። «ዩፒኤሱ ነው» ተባለና ባትሪ ተቀየረ። አሁንም ያው። ዩፒኤሱ ራሱ ተቀየረ። ያው። ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ራም ነው፣ የማይባል የለም፤ ገንዘብ ወጣ፣ ሰው ተወቀሰ።

ሎጉን ስከፍት ያየሁት ሌላ ነው። ጆርናልሲቲኤልን ለቀደመው ቡት ከፍቼ መጨረሻውን አነበብኩ። ሰርቨሮቹ መብራት እንደጠፋ አልወደቁም። መብራት ከጠፋ በኋላ ከአንድ ደቂቃ በላይ ደህና ሆነው ቆይተዋል። መጀመሪያ ሰርቨሮቹን እርስ በርስ የሚያነጋግረው ኮሮሲንክ «ሊንክ ዳውን» ይላል፣ ሁለቱም ጎረቤቶች ጠፉ። ከዚያ ክዎረም (የብዙኃኑ ድምፅ) የለም ይላል። ከዚያ ዋችዶግ ሙክስ የሚባለው «ክላየንት ዋችዶግ ኤክስፓየርድ» ይላል። ከዚያ ሎጉ ይቆረጣል። ሦስቱም ሰርቨር ላይ ይኸው ነው፣ የሰኮንዶች ልዩነት ብቻ።

ይህ መክሸፍ አይደለም፣ ሥራው ነው። ኤችኤ ያለበት ኖድ (የክላስተሩ አንድ ሰርቨር) ከብዙኃኑ ሲለይ ማሽኖቹ ሌላ ቦታ ላይ ይነሱ ይሆናል ብሎ ስለሚያስብ፣ ሁለት ቦታ እንዳይበሩ ራሱን ያጠፋል። ዋችዶጉ 60 ሰኮንድ ነው የሚጠብቀው። ጥያቄው ታዲያ ለምን ተለያዩ ነው። ከራኩ ጀርባ ገባሁና የስዊቹን የኤሌክትሪክ ገመድ በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ። ዩፒኤሱን አልፎ፣ ከጠረጴዛው ሥር ዞሮ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ከውሃ ማፍያው ጎን ተሰክቶ አገኘሁት። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹ በዩፒኤስ ይቆያሉ፣ ስዊቹ ግን ወዲያው ይሞታል። ጥበቃው ወርዶ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 60 ሰኮንዱ ቀድሞ ያልቃል።

ሶኬቱን ቀየርን። አለቀ።

ስለዚህ የእናንተም ሰርቨር «ራሱን በራሱ» ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ፣ ሃርድዌር ከመግዛታችሁ በፊት ያንን የሎግ ጫፍ አንብቡ። ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ መሆኑን ዓይናችሁ ይይ። ሌላው የማየው ምክንያት ደግሞ ኮሮሲንክ ከባክአፑ ጋር አንድ ገመድ መጋራቱ ነው። ሌሊት ባክአፑ መስመሩን ሲሞላው የኮሮሲንክ ትናንሽ መልእክቶች ይዘገያሉ። እሱ የሚፈልገው ፍጥነት አይደለም፣ ቶሎ መድረስ ነው፤ በኖዶች መካከል ያለው መዘግየት ከ5 ሚሊሰኮንድ በታች መሆን አለበት። የራሱን ገመድና የራሱን ፖርት ስጡት፣ ሁለተኛ ሊንክም ጨምሩለት። ባለ 1 ጊጋቢት ርካሽ ስዊች ይበቃዋል።

መብራት ተመልሶ ሰርቨሮቹ ሲነሱ ደግሞ ማሽኖቹ አልነሳ ይሉና «ክላስተር ኖት ሬዲ፣ ኖ ክዎረም» የሚል ታያላችሁ። ከሦስት ሁለቱ እስኪገናኙ ጠብቁ፤ ፒቪኢሲኤም ስታተስ ያለበትን ይነግራችኋል። «ኤክስፔክትድ 1» የሚለውን አቋራጭ የምትጠቀሙት ሌሎቹ ሁለቱ መጥፋታቸውን ሰርቨር ክፍል ገብታችሁ ካያችሁ ብቻ ነው። ፒንግ አለመመለሱ አይበቃም። ፒንግ የማይመልስ ሰርቨር ማሽኖቹን እያስኬደ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰርቨር ብቻ ያላችሁ ደግሞ ክዩዲቫይስ የሚባለውን ሦስተኛ ድምፅ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ።

7. ማይግሬሽን እምቢ ሲል

መጀመሪያ ልባችሁን አረጋጉ። ላይቭ ማይግሬሽን ማለት ማሽኑ እየሠራ ሳለ ራሙን ወደ ሌላኛው ሆስት መቅዳት ነው። እየቀዳ ሳለ ገስቱ መጻፉን ስለማያቆም የተቀየሩትን ገጾች ደግሞ ይቀዳል፣ ደግሞ ይቀዳል። የቀረው ትንሽ ሲሆን ለቅጽበት ያቆመውና ያንን አሻግሮ እዚያ ያስቀጥለዋል። ቅጂው መሃል ላይ ቢበላሽ ዋናው እነበረበት ላይ መሥራቱን ይቀጥላል። የሚያጠፋን ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ በድንጋጤ የምናደርገው ነው።

የታስኩን ሎግ ክፈቱና የመጀመሪያዋን የስሕተት መስመር አንብቡ። የመጨረሻዋን አይደለም። መጨረሻ ላይ ያለው «ማይግሬሽን አቦርትድ» ምንም አይነግራችሁም።

ገና ሳይጀምር ከቆመ ነገሩ ቀላል ነው። ሲዲ ድራይቩ ውስጥ አካባቢያዊ ዲስክ ላይ ያለ አይኤስኦ ተረስቶ ይሆናል፤ አውጡት። እንደ ጂፒዩ ያለ የፒሲአይ ካርድ በቀጥታ ተሰጥቶት ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን አጥፍታችሁ ነው የምታሻግሩት። ወይም የስቶሬጁ ስም በሁለቱ ሆስቶች ላይ አይገጥምም፤ ሲያሻግሩ የመድረሻውን ስቶሬጅ መምረጥ ይቻላል። «ሆስት ኪይ ቬሪፊኬሽን ፌልድ» ካለ አንዱ ኖድ በቅርቡ እንደገና ተጭኗል ማለት ነው፤ ፒቪኢሲኤም አፕዴትሰርትስ ስጡ። ፋየርዎል ካለ ፖርት 22 እና ከ60000 እስከ 60050 ያሉት በኖዶቹ መካከል ክፍት ይሁኑ። ሊብቨርት ላይ ለማይግሬሽን የሚያስፈልጉት ከ49152 እስከ 49215 ናቸው።

ጀምሮ ወዲያው ከደረቀና አንዲት ባይት ካላለፈ ኤምቲዩን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን) ጠርጥሩ። ሰርቨሮቹ ላይ 9000 ተሞልቶ ስዊቹ ላይ ተረስቶ ይሆናል። ተራ ፒንግ ያልፋል፣ ኤስኤስኤችም ይገባል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። እንዳይከፋፈል የሚያደርገውን አማራጭ ጨምራችሁ በ8972 ባይት ፒንግ አድርጉ። ካላለፈ አገኛችሁት።

ጀምሮ የማያልቅ ከሆነስ? ሒሳብ ነው። ባለ 1 ጊጋቢት መስመር በተግባር በሰኮንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ 32 ጊጋ ራም በ5 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ግን ዳታቤዙ በሰኮንድ 150 ሜጋባይት ራም የሚቀይር ከሆነ፣ ከሚቀዳው የሚቀየረው ስለሚበልጥ ከንጋት እስከ ማታ ብትጠብቁ አይደርስም። የወሩ መጨረሻ የደመወዝ ሥራ ላይ እያለ ማሽን አታሻግሩ። ጸጥ ያለ ሰዓት ምረጡ፣ ወይም ለማይግሬሽን ባለ 10 ጊጋቢት መስመር ስጡ። ሊብቨርት ላይ «አውቶ ኮንቨርጅ» የሚል አማራጭ አለ፤ የገስቱን ፕሮሰሰር እያዘገመ ቅጂው እንዲደርስበት ያደርጋል። ካልሆነም ለተጠቃሚው ነግሮ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ማሻገር ነውር የለውም። አሥር ደቂቃ የተነገረ መቋረጥ ካልተነገረ ሁለት ሰዓት ይሻላል።

ከሁሉም የሚያሳስተው ግን ተሳክቷል ተብሎ ማሽኑ ከተሻገረ በኋላ የሚደርቀው ነው። አረንጓዴ ያያሉ፣ «ኦኬ» ያነባሉ፣ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ገስቱ ፓኒክ ያደርጋል። እዚህ ላይ የፕሮሰሰሩን ዓይነት እዩ። «ሆስት» ከተባለ ገስቱ የአዲሱን ሰርቨር ፕሮሰሰር ትዕዛዞች በሙሉ አውቆ ተነስቷል፤ ወደ አሮጌው ሰርቨር ሲሻገር የለመደውን ትዕዛዝ ሲጠራ የሚመልስለት የለም። ዓይነቱን ወደ ኤክስ86-64-ቪ2-ኤኢኤስ ቀይሩት። ከፕሮክስሞክስ 8 ጀምሮ አዲስ ማሽን ሲፈጠር የሚመጣው ይኸው ነው። ለውጡ የሚይዘው ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲነሳ ነው፤ ገስቱ ውስጥ ገብቶ ሪስታርት ማለት አይበቃም። ከኢንቴል ወደ ኤኤምዲ ደግሞ በላይቭ አትሞክሩ፣ አጥፍታችሁ አሻግሩ። የፕሮክስሞክሱ ቨርዥንም ከአሮጌ ወደ አዲስ ነው የሚሄደው፤ ከአዲስ ወደ አሮጌ መመለሱ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ክላስተር ስታድሱ መጀመሪያ አንዱን ሰርቨር ባዶ አድርጋችሁ አድሱ፣ ከዚያ ማሽኖቹን ወደ እሱ አምጡ።

ተሻግሮ፣ እየሠራ፣ ኔትወርክ ብቻ ከሌለው የብሪጁን (ማሽኑን ከሆስቱ የኔትወርክ ካርድ ጋር የሚያገናኘውን) ስምና የስዊቹ ፖርት ላይ ቪላኑ (የማሽኑ የኔትወርክ ክፍል) መፈቀዱን እዩ።

8. ከከሸፈ ማይግሬሽን በኋላ

«ቪኤም ኢዝ ሎክድ፣ ማይግሬት» ይላል። እጃችን ወዲያው ኪውኤም አንሎክ ላይ ይሄዳል። ቆይ! መቆለፊያው ያለው በምክንያት ነው።

መጀመሪያ በመነሻውም በመድረሻውም ሆስት ላይ ግቡና ኪውኤም ሊስት ስጡ። እሱን ብቻ አትመኑ፤ የፕሮሰሱን ዝርዝር ከፍታችሁ «አይዲ 105» የሚል ኬቪኤም ፕሮሰስ በየትኛው ላይ እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ የ105 የኮንፊግ ፋይል በየትኛው ኖድ ማውጫ ሥር እንዳለ ተመልከቱ። ፕሮሰሱና ፋይሉ አንድ ቦታ ከሆኑና ሌላኛው ሆስት ላይ ምንም ከሌለ፣ አሁን አንሎክ ማድረግ ይቻላል። ፕሮሰሱ አንዱ ጋ፣ ፋይሉ ሌላኛው ጋ ከሆነ ማንንም አታስነሱ። የማይሠራበትን ዘግታችሁ አንድ እስኪሆን ድረስ አጥሩት። ስቶሬጁ የጋራ ሲሆን፣ ኤንኤፍኤስም ይሁን ሳን፣ ሁለት ሆስት አንድ ዲስክ ላይ ሲጽፍ ኤረር እንኳ ላይመጣ ይችላል። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም የሚሠራ ይመስላል። ከዚያ ፋይል ሲስተሙ ተበጣጥሶ ይገኛል፣ ያኔ የቀረው ባክአፕ ብቻ ነው።

መነሻው ሰርቨር ጭራሽ ሞቶ የኮንፊግ ፋይሉን በእጃችሁ ወደ ሌላኛው ኖድ ማዛወር ግድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሞተውን ሰርቨር የኤሌክትሪክ ገመድ ንቀሉ። ሲሞት አይታችሁት ቢሆንም ንቀሉ።

መድረሻው ላይ ደግሞ ግማሽ የተቀዳ ዲስክ ይቀራል። ኪውኤም ሪስካን ስታደርጉ «አንዩዝድ» ሆኖ ይታያል። ማሽኑ የሚጠቀምበት የትኛው እንደሆነ ኮንፊጉ ላይ ካያችሁ በኋላ ትርፉን አጥፉት፤ ካልሆነ 4ኛው ላይ የተናገርኩትን ፑል የሚሞላው እሱ ነው።

9. ጻፉት

ፕሮክስሞክስ ላይ በእያንዳንዱ ማሽን ገጽ «ኖትስ» የሚል ሳጥን አለ። አብዛኛው ሰው ባዶውን ይተወዋል። እኔ ማሽኑ ከተነሳ በኋላ፣ ሳልተኛ፣ እዚያ ላይ እጽፋለሁ። ቀጥሎ የሚደወልለት ሰው እኔ ላልሆን እችላለሁና። የምጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ጥቅምት 12፣ ሌሊት 8፡10 (ሎግ ላይ 02:10)። 105 ቆመ፣ አይኦ ኤረር። ቲን ፑል 100% ሞልቶ ነበር። የድሮ ስናፕሾት ጠፍቶ 71% ሆኗል። ሪዚዩም ተደርጓል፣ ዳታቤዙ ተፈትሾ ደህና ነው። ያልተሠራ፦ ዲስካርድ ገና አልበራም፤ እሑድ ማሽኑ ሲጠፋ ይበራ።»